ስለ ክሪዛንተም አበባ፤ አደይ ካለፈ በኋላ የትምህርት ቤት ግቢ እንዳይራቈት

(ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአካባቢው ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንድ አበባ ነው። «ስለ እህል፣ ስለ ውሃ፣ ከትምህርት ስለሚቀሩት ልጆች መነጋገር ሲገባን ስለ አበባ ምን አስነሣን?» የሚል ሰው በመካከላችሁ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ይህን የሚል ሰው በከንቱ አይናገርም፤ ስለዚህ ነገሬን እስክፈጽም ድረስ ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ። ሽማግሌዎቹንም ከመምህራኑ ጋራ አብሬ የጠራሁበት ምክንያት አለኝ። ይህ አበባ በመፀው እንዲያብብ የሚያደርገው ዋናው ሥራ ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ የሚሠራ ነው። በዚያ ጊዜ ተማሪው በቤቱ፣ መምህሩም ብዙውን ጊዜ በአገሩ ነው። በመንደሩ የሚገኘው ሽማግሌው ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዴት እንደዚህ እንደ ኾነ በየተራው እገልጻለሁ።

የቀድሞ ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ሲከፍሉት መስከረም 26 ቀን መፀው ይገባል፤ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀንም ይቈያል። የመፀው መግቢያ የአበባ ወራት መኾኑን ሕፃን ስንኳ ያውቀዋል። ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ የእርሻው ድንበር፣ የወንዙ ዳር፣ የመቃብሩ ቦታ ሳይቀር በአደይ ይሸፈናል። ዳሩ ግን አደይ እንግዳ ነው፤ ሳይሰነብት ይሄዳል። ጥቅምት ሲጋመስ አበባው ይረግፋል፤ ኅዳር ሲገባ ሣሩ ይገረጣል። የትምህርት ቤቱም ግቢ በልጆች እግር ተደልድሎ፣ አቧራው እየተነሣ፣ እስከ በልግ ዝናም ድረስ ባዶውን ይከርማል። መስከረም ላይ የተመዘገበው ልጅ ከትምህርቱ ዘመን የሚበዛውን የሚያሳልፈው በዚሁ በተራቈተው ግቢ ውስጥ ነው።

ከእኛ ወደ ሰሜን በራቁት አገሮች፣ በቻይናና በጃፓን፣ እንደዚሁም በኤውሮፓ፣ ይህ ወራት የቅጠል መርገፊያ ነው። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ የበጋቸው አበባ ኹሉ ያልቃል። ሌላው ሲያልቅ እርሱ የሚጀምር አንድ አበባ ግን አላቸው፤ ስሙም ክሪዛንተም ይባላል። ቃሉ የጽርእ ነው። «ክሪሶስ» ወርቅ፣ «አንቴሞን» አበባ ማለት ነውና የወርቅ አበባ ብለን ብንተረጕመው አንሳሳትም። ስያሜውን ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አጸናው። (ዓመቱን የምጠራው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ ነው። ወርና ቀን ግን በእኛ አቈጣጠር ነው።) ስሙ የወርቅ ይኹን እንጂ መልኩ አንድ ብቻ አይደለም። ነጭ አለ፣ ቢጫ አለ፣ እንደ ደም የቀላ አለ፣ ወይን ጠጅ የመሰለ አለ፣ እንደ ዝገት ያለ ቡናማም አለ። በተፈጥሮው የሌለው ሰማያዊ ብቻ ነው።

ክሪዛንተም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከአደይ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋራ አንድ ቤተ ሰብ ነው። የዚህ ቤተ ሰብ ጠባይ ይህ ነው፤ አንድ አበባ መስሎ የሚታየው ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። በዳር ያሉት እንደ ምላስ ረዝመው ይወጣሉ፤ በመካከል ያሉትም እንደ ቀጭን ቧንቧ ኾነው ተጠጋግተው ይቆማሉ። መምህሩ ለልጆቹ በመስከረም አንድ አንድ አደይ፣ በኅዳርም አንድ አንድ ክሪዛንተም ሰጥቶ በጥፍራቸው እየነቀሉ እንዲቈጥሩ ቢያደርግ፣ ስለ አበባ ክፍሎች ከሰሌዳ ላይ ሥዕል ይልቅ ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ያን ከማድረጉ በፊት ግን ማንም ልጅ «ይህ አንድ አበባ ነው ወይስ ብዙ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይጻፍ።

በቻይና አገር ይህን አበባ ከ2,000 ዓመት በላይ ሲተክሉት ኖረዋል። በእነርሱ አቈጣጠር በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን የሚከበር በዓል አላቸው፤ በዚያን ቀን ወደ ከፍተኛ ቦታ ይወጣሉ፣ ክሪዛንተም የተነከረበትንም መጠጥ ይጠጣሉ። ከቅኔ ሰዎቻቸው ኹሉ ይህን አበባ በመውደድ ስሙ የተጠራው ታኦ ዩዋንሚንግ ነው፤ የሞተው በ427 ዓመት ነው። ይህ ሰው በ405 ዓመት የአንድ ወረዳ ሹም ኾኖ ተሾመ። ሰማንያ ጥቂት ቀን ብቻ ሠርቶ ሹመቱን ተወው፤ ወደ ትንሽ እርሻውም ተመልሶ በአጥሩ ሥር ክሪዛንተም እየተከለ ኖረ። እኔም በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ዕድሜዬን የጨረስሁ ሰው ስለ ኾንሁ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር ጥቂት ፈገግ እላለሁ። ሰማንያ ቀን እጅግ አጭር ነው።

ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻገረ። በዚያም እጅግ ከመክበሩ የተነሣ 16 ቅጠል ያለው የክሪዛንተም ሥዕል የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ማኅተም ኾነ። በ1789 ዓመትም ብላንካር የተባለ የማርሴይ ነጋዴ ሦስት ዓይነት ወደ ኤውሮፓ ይዞ መጣና አንዱ ብቻ ተረፈለት። በፈረንሳይ ዛሬ ጥቅምት 22 ቀን ሰው ኹሉ ክሪዛንተም ይዞ ወደ መቃብር ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት በዚያ አገር ለወዳጅ ቤት ይዘውት ቢሄዱ እንደ ነውር ይቈጠራል። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ ለንጉሥ፣ አንዱም ለሙት አደረገው፤ አበባው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህ አበባ የመፀውን መግባት በምን ያውቃል? ብዙ ሰው በብርዱ ያውቃል ብሎ ያስብ ነበር። ምርመራቸውን በ1920 ዓመት ያሳተሙት ጋርነርና አላርድ የተባሉ ኹለት የአሜሪካ ሊቃውንት አንድ የትንባሆ ዓይነት በበጋ ያለ ልክ እየረዘመ አበባ አላወጣ ቢላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን አሳጠሩበት፤ ያን ጊዜ አበበ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ተክሎች የቀንና የሌሊትን ርዝመት ለይተው እንደሚያውቁ ተረጋገጠ። ቈይቶም በ1938 ዓመት በሌላ ተክል ላይ በተደረገ ምርመራ ተክሉ የሚቈጥረው ያልተቋረጠውን የሌሊቱን ጨለማ እንደ ኾነ ታወቀ። ክሪዛንተምም ከእነዚህ ወገን ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ እምቡጥ ይይዛል።

ይህ ለሽማግሌዎቻችን እንግዳ ነገር አይኾንም ብዬ አምናለሁ። ስንክሳር በየወሩ መባቻ የመዓልቱን ሰዓት እየቈጠረ ይነግራል፤ መስከረም 12 ሰዓት ነው፣ ከዚያም ያንሳል ይላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የቀንና የሌሊትን መተካካት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ተክሉም በበኩሉ ይህንኑ ሒሳብ ያለ መጽሐፍ ይዞ ይኖራል።

ከአገር አገር ግን የሰዓቱ ልዩነት አንድ አይደለም። በፓሪስ ከተማ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ 16 ሰዓት ያኽል ነው፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። በቶኪዮ 14 ሰዓት ተኩል ያኽል የነበረው ቀን ከ10 ሰዓት በታች ይኾናል። በእኛ አገር፣ በአዲስ አበባ አካባቢ ብንለካ፣ ረጅሙ የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አጭሩ የታኅሣሥ ቀን 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። የተለመደው ክሪዛንተም ደግሞ እምቡጥ ለመያዝ የሚጠብቀው ቀኑ ከ13 ሰዓት ተኩል በታች እስኪወርድ ነው። በጃፓንና በኤውሮፓ ይህ የሚኾነው ክረምታችን ሲጋመስ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ረጅም ቀን ግንዱን ሲያሳድግበት ይቈያል። በእኛ አገር ግን ቀኑ 13 ሰዓት ተኩል ከቶ አይደርስም። እንግዲህ ለዚህ ተክል አገራችን ዓመቱን ሙሉ መፀው ናት ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣውን ችግር አስተውሉ። ችግኙን በግንቦት የተከለ ሰው ዝም ብሎ ቢተወው፣ ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ እምቡጥ ይይዛል፤ በሐምሌም በዝናሙ መካከል ኹለት ሦስት ደካማ አበባ ያወጣል። አበባው ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። የተከለውም ሰው «አፈራችን አልተስማማውም» ብሎ ይነቅለዋል። ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ አፈሩ ግን በደል የለበትም። የጐደለው ተክሉን «ቈይ፣ ጊዜህ ገና ነው» ብሎ የሚይዘው እጅ ነው። ለኤውሮፓ ገበያ ለተከላ የሚኾን ቅርንጫፍ በሚያመርቱት በምሥራቅ አፍሪካ ትልልቅ እርሻዎች፣ ለምሳሌ በኡጋንዳ፣ በእኩለ ሌሊት መብራት እያበሩ ጨለማውን ይቈርጡበታል፤ ተክሉም ገና ረጅም ቀን ነው ብሎ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። የመንደር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መብራት የለውም። እንዲህ ያለ መብራት ለሌለው ሰው የተሰጠው መሣሪያ የአውራ ጣቱ ጥፍር ነው።

ሥራው ጫፍ መቀንጠብ ይባላል። ተክሉ አንድ ስንዝር ያኽል ሲረዝም ለጋ ጫፉን ከኹለት ቅጠሎች ጋራ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ መቀንጠብ ነው። ያን ጊዜ ከታች ካሉት ቅጠሎች ብብት ሦስት ወይም አራት ቅርንጫፍ ይወጣል። እነዚህም ግማሽ ስንዝር ሲኾኑ የእያንዳንዳቸው ጫፍ ደግሞ ይቀነጠባል። በመጀመሪያ አንድ የነበረው አራት፣ አራቱም ወደ ዐሥራ ኹለት ወይም ከዚያ በላይ ይኾናል፤ ለሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ የማባዛት ምሳሌ አላውቅለትም። የያዘውም እምቡጥ ካለ አብሮ ይቀነጠባል። ለዚህ ማዘን አይገባም፤ ለመፀው የሚኾነውን አበባ የሚሰጠው ይህ ቅንጠባ ነው።

ከቀኖቹ ኹሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ቅንጠባ ቀን ነው። ካለፈው ቅንጠባ አንሥቶ አበባው እስኪከፈት ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 11 ሳምንት ይወስዳል፤ እንደ ዓይነቱም ይለያያል። ስለዚህ ነሐሴ 20 ቀን የመጨረሻውን ብንቀነጥብ፣ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ 15 ቀን፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30 ቀን ብለን ስንደምረው 75 ቀን ይኾናል፤ አበባውም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መግቢያ፣ አደይ ካለፈ በኋላ፣ ይከፈታል። እጅግ ብርድ በኾነ ደጋ አገር ተክሉ ይዘገያልና ቅንጠባው በኹለት ሳምንት ይቅደም። ከነሐሴ በኋላ መቀንጠብ ግን አይገባም፤ አበባው ወደ ታኅሣሥ ውርጭ ይገባልና።

እንግዲህ የሥራውን ቀን በቅደም ተከተል ተመልከቱት። የመጀመሪያው ቅንጠባ በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ኹለተኛው በሐምሌ 25 ቀን ገደማ፣ ሦስተኛውም በነሐሴ 20 ቀን ነው። ሦስቱም የሚውሉት የትምህርት ቤቱ በር በሚዘጋበት ወራት ነው። ሽማግሌዎች ሆይ፤ የጠራኋችሁ ለዚህ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሃያ እግር ተክል ለመቀንጠብ አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም፤ በክረምቱም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን ቀኑን የሚያስታውስ፣ ቃሉንም የማያጥፍ ሰው ይፈልጋል። መምህሩ ከመዘጋቱ በፊት ኹለት ሽማግሌዎችን፣ ወንድ ይኹኑ ሴት፣ ለምኖ ቀኑን በወረቀት ጽፎ ይስጣቸው። አንዱ ቢታመም ኹለተኛው እንዲተካ ኹለት ይኹኑ አልሁ።

ደግሞም በዚህ ሌላ ፍሬ አያለሁ። በብዙ መንደር ሽማግሌው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሚገባው ጠብ ለማስታረቅ ወይም ስለ ልጁ ክስ ለመስማት ሲጠራ ብቻ ነው። ልጆቹ በመስከረም ተመልሰው «ይህን ማን አሳደገው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ የአያታቸው ስም ቢኾን፣ በዚያ ዓመት አጥሩን የሚደፍር ፍየል ስንኳ የሚያነስ ይመስለኛል።

የችግኙ ነገር እንዲህ ነው። ክሪዛንተም በዘር ሊበቅል ይችላል፤ ከዘር የበቀለው ግን እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ተክሉ ካለው ሰው ለጋ ለምኖ መትከል ይሻላል። ከግንዱ ጫፍ የተቈረጠ ቅርንጫፍ አትውሰዱ፤ እምቡጡን አስቀድሞ ይዞ ሊኾን ይችላልና በተተከለበት ቦታ ሳያድግ ያብባል። ከሥሩ አጠገብ ከመሬት የሚፈላውን ለጋ ፈልጉ። ይህን በግንቦት አጋማሽ አራት ጣት ያኽል ቈርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አንሥታችሁ፣ እኩል አሸዋና እኩል አፈር በተደባለቀበት ዕቃ ውስጥ እስከ እኩሌታው ቅበሩት። በጥላ አኑሩት፤ እርጥበቱም አይጓደል። በኹለት ወይም በሦስት ሳምንት ሥር ይሰድዳል። ይህ የተማሪዎቹ ሥራ ነው፤ ከመዘጋቱ በፊት ይፈጸማል።

የሚተከልበት መሬት ፀሐይ በቀን ከስድስት ሰዓት ያላነሰ የሚያገኘው ይኹን። ከባሕር ዛፍ ሥር ፈጽሞ አይተከል፤ ውሃውንም ምግቡንም ይቀማዋልና። መንደሩ ጥቍር መረሬ አፈር ከኾነ ነገሩ ይጠነክራል፤ ክሪዛንተም ብዙ ነገር ይችላል፣ ውሃ የተኛበትን መሬት ግን አይችልም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡ ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ይበል፤ ዙሪያውም ቦይ ይኑረው። ኹለት ክንድ ወርድና ዐሥር ክንድ ርዝመት ያለው መደብ በየክንዱ እየተተከለበት ኻያ እግር ይይዛል። ለመንደር ትምህርት ቤት ይህ ይበቃል፤ የጎመንና የድንችን ቦታም አይነካም። የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበት፤ ትኵስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል። በመስከረም ቅርንጫፉ ሲረዝም እንዳይወድቅ ቀጫጭን እንጨት እየተከላችሁ እሰሩት።

ስለ ውሃ ብዙ መናገር አለብኝ። ዝናሙ በመስከረም መጨረሻ ሲቆም ተክሉ ገና አልጨረሰም። ከዚያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ዘጠኝ ሳምንት ያኽል ነው። ለአንድ እግር በሳምንት ኹለት ጊዜ አንድ አንድ ሊትር ብንሰጥ፣ ለኻያው እግር በሳምንት 40 ሊትር፣ ማለት ኹለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል። በዘጠኝ ሳምንት ዐሥራ ስምንት ጀሪካን ነው። ይህ ውሃ በማን ጀርባ ይመጣል? በብዙ ቦታ ያየሁት ሥርዐት ይህ ነው፤ ወንዶቹ ልጆች በሰሌዳው ፊት ተቀምጠው ሳለ ሴቶቹ ልጆች ወደ ምንጭ ይላካሉ። እንዲህ ከኾነ አበባው ይቅር። የአንዲት ልጅ ትምህርት ጐድሎ የሚያብብ አበባ ለግቢው ጌጥ አይደለም፤ እፍረት ነው። ተራው ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይኹን፤ የሚቀዳውም ከትምህርት ሰዓት ውጪ ይኹን። እጅ የታጠበበት ውሃ ሳሙናው ካልበዛ ለዚህ ይኾናልና ከመታጠቢያው ሥር ዕቃ አኑሩ። ምንጩ ከግማሽ ሰዓት መንገድ የሚርቅበት መንደር ከኾነ ደግሞ እኔ ክሪዛንተም ትከሉ አልላችሁም፤ የአደይን ዘር ለቅማችሁ በአጥሩ ዙሪያ በትኑ፤ እርሱ በዝናሙ ብቻ ይበቃዋል።

ሲያጠጡም ውሃው በሥሩ ላይ ይፍሰስ እንጂ ቅጠሉን አይንካ፤ የሚያጠጡትም በጧት ይኹን። እርጥብ ቅጠል ያደረበት ተክል ነጭ ዋግ ይይዘዋል፤ ይኸውም በቅጠሉ ላይ የገረጣ ነጥብ፣ በግርጌውም መጀመሪያ ወደ ሮዝ የሚያደላ ከዚያም ነጭ የሚኾን እብጠት ሲታይ ነው። የታመመው ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል፤ ወደ ፍጉ ጉድጓድ አይጣል። ክሽክሽ በለጋው ላይ ቢሰፍርበት በጥቂት ሳሙና በተበጠበጠ ውሃ ማጠብ ይበቃዋል። የቅጠሉ ፈሳሽ የአንዳንድ ሰውን ቆዳ ያሳክካልና ከሥራው በኋላ ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡ። ለፈረስና ለውሻም ቢበሉት ይጐዳቸዋል፤ ስለዚህ አጥር ያስፈልጋል።

አንድ ትልቅ አበባ የሚወድ ሰው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የላይኛውን እምቡጥ ትቶ የጎኖቹን ይለቅማል። ጃፓኖች በዚህ ጥበብ እጅግ ይደክማሉ። ለትምህርት ቤት ግን ብዙና ትንንሽ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚፈታው አበባ እንዲደርሰው።

ለትልልቆቹ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ፈተና አለ። መብራት ባለበት ትምህርት ቤት ኹለት እግር በኹለት ዕቃ ይተከል፤ ነሐሴ 20 ቀንም አብረው ይቀንጠቡ። አንዱ የሌሊት መብራት በማይደርስበት ቦታ ይኑር፤ ኹለተኛው ዘበኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በሚያበራው አምፖል ሥር ይቀመጥ። በጥቅምት ልጆቹ ኹለቱን ያስተያዩ። በጨለማው ያለው እምቡጥ ሲሞላ፣ በመብራቱ ሥር ያለው ቅጠል እያወጣ ሲረዝም ያዩታል። ከዚህም የተነሣ መደቡን ከመንገድ መብራት አጠገብ የማትሠሩበት ምክንያት ይገባቸዋል።

ውርጭ በሚወርድበት አገር ኅዳር ላይ ሌሊት ጭድ ወይም አሮጌ ጆንያ በእንጨቶቹ ላይ ይዘርጋበት፤ ጧት ግን ይነሣለት። ተክሉ ራሱ ቀላል ውርጭ አይገድለውም፤ አበባው ግን ይጠቍራል። በምዕራብ በኩል ካለ ግድግዳ ሥር የተተከለ ደግሞ የማለዳ ፀሐይ ውርጩ ሳይሟሟ ስለምትመታው ይበልጥ ይጐዳል።

አበባው ሲያልቅ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ግንዱ ከመሬት አራት ጣት ያኽል ቀርቶ ይቈረጥ። ከሥሩ ለጋ ይፈላል። መካከሉ እንጨት እየኾነ ስለሚሄድ በኹለት ዓመት አንድ ጊዜ ነቅሎ ዳር ዳሩን መከፋፈልና የመካከሉን መጣል ይገባል። በበጋው ጥቂት ጥቂት ውሃ ብቻ ይሰጠው፤ ሥሩ እንዳይደርቅ ያኽል ነው። በግንቦትም ከዚሁ ለጋ ለሚቀጥለው ዓመት ይቈረጣል፤ የተረፈውን ልጆቹ ወደየቤታቸው ይውሰዱ፤ ቀንጣቢዎቹ ሽማግሌዎች ግን ከኹሉ አስቀድመው ይምረጡ።

መምህሩ ለዚህ አንድ ደብተር ይያዝ። በእርሱም የተቀነጠበበት ቀን፣ የመጀመሪያው እምቡጥ የታየበት ቀን፣ የመጀመሪያው አበባ የተከፈተበት ቀን፣ ውርጭ የወረደበትም ሌሊት ይጻፍ። ነሐሴ 20 ቀን ብዬ የነገርኋችሁ ለመነሻ ነው፤ ለየመንደሩ የሚስማማው ቀን ከኹለት ሦስት ዓመት በኋላ ከዚህ ደብተር ይገኛል። መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ደብተሩን ይዞ አይሂድ፤ በሚቀጥለው ሐምሌ ለሚቀነጥቡት ሽማግሌ በእጃቸው ያስረክብ።